የሐዘንተኛ ሽንት

ባሌ እንደሻው በተቀበረ ማግስት፣ ገና ረፋድ ላይ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከተነጠፈልኝ የሐዘን ፍራሽ እንደገና ስነሣ እትዬ ሮማነወርቅ ከጎኗ ወደተቀመጠችው ሴት ዘንበል ብላ፣ «ደግሞ ተነሣች» አለች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት ነው። እትዬ ሮማነወርቅ የሟቹ ታላቅ እህት ናት። ጡረታ እስክትወጣ መዝገብ ቤት ስትሠራ ስለኖረች ይሁን ተፈጥሮዋ ሆኖ፣ የሰው መግባትና መውጣት ካልቆጠረች ቀኑ የዋለ አይመስላትም። ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። በልቤ ግን አንቱታውን ካነሣሁባት ቆይቷል፤ እዚህም አልመልስላትም።

ቤታችን ከሐረር ሸዋ በር ወጣ ብሎ፣ አራት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ለዚያ ሁሉ ሰው ያለው ሽንት ቤት አንድ ሲሆን፣ እሱም ታች አጥሩ ሥር ነው። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ሲተክሉ በእኔ በርና በሽንት ቤቱ መካከል ያለውን ቦታ ሞልተው ተከሉት። ስለዚህ ሽንቱ የመጣበት ሰው በሁለት ረድፍ በተቀመጡ ወንዶች መካከል ማለፍ አለበት። ለቀስተኛ ቢያልፍ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ባሏ የሞተባት ሴት ስታልፍ ግን ካርታ የሚጫወተው እንኳ ካርታውን አስቀምጦ ያያል።

ያን ቀን ጠዋት ብዙ ጊዜ አለፍኩ። በሄድኩ ቁጥር የሚወጣኝ ጠብታ ነው፤ ጠብታውም በርበሬ የነካው ያህል ያቃጥላል። ተመልሼ ሳልደላደል እንደገና ይመጣብኛል። ምን እንደያዘኝ ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገኝም። ባለፉት ዓመታት በቤታችን ስለ ሽንት ሳይወራ የዋለ ቀን የለም።

እንደሻው የኢሱዙ ሾፌር ነበር። የባቢሌን መንገድ ሲወርድ መኪናው ተገለበጠና ወገቡ ላይ ተመታ፤ ከዚያ ወዲህ እግሩም ሽንቱም አልታዘዘለትም። የሚሸናው በቱቦ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሰሚራ ቱቦውን እንዴት እንደምይዝ አስተማረችኝ፤ እጄን በሳሙና ሳልታጠብ እንዳልነካው፣ ከረጢቱን ከወገቡ ዝቅ አድርጌ እንዳንጠለጥል፣ ሳይሞላ እንድደፋ፣ ከሁሉም በላይ ውሃ እንዳጠጣው። «ውሃ ካነሰው ኢንፌክሽኑ ከፊኛው ተነሥቶ ኩላሊቱ ጋ ይወጣል። ኩላሊት ከደረሰ ደግሞ ቤት ውስጥ አይታከምም» አለችኝ። ይህን ቃል እንደ ጸሎት ነው የያዝኩት።

ሐረር ውስጥ ሰው ውሃ ማጠጣት ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። ቧንቧው የሚመጣው ደስ ሲለው ነው፤ ሲጠፋ ጀሪካን አንጠልጥዬ ሰፈር ለሰፈር እዞራለሁ። ለእሱ የሚሆነውን አፍልቼ አቀዘቅዝና በአንድ ትልቅ ሀይላንድ ሞልቼ ከራስጌው አስቀምጣለሁ። በሀይላንዱ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ሁለት መስመር አሥምሬበት ነበር። እስከ ቀትር እየጠጣ የላይኛው መስመር ጋ ይደርሳል፣ እስከ ማታ የታችኛው ጋ። እንደሻው ውሃ አይወድም። «ሥርጉቴ፣ ኢሱዙ መሰልኩሽ እንዴ፣ ራዲያተር ትሞያለሽ» ይለኛል፤ መስመሩ ጋ እስኪደርስ ግን ይጠጣልኛል። በዚያ ሁሉ ዓመት በቱቦው ምክንያት የታመመው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ላይ፣ እጄ ገና ሳይለምድ። የገደለው ሳንባው ነው።

እትዬ ሮማነወርቅ ግን ለገባው ለቀስተኛ ሁሉ፣ «ያ ቱቦ ነው ወንድሜን የበላው» ትል ነበር። ወንድሟን የምትጠይቀው ለዓመት በዓል ነው። ያኔም ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ከበሩ ሳታልፍ፣ «እግዜር ይማርህ» ብላው ትመለሳለች። ስለዚያ ቱቦ የምታውቀው ነገር ቢኖር ሽታውን ነው፤ ሽታ ደግሞ አልነበረውም።

እኔን ሕመሙ የያዘኝ እንደሻው ሊሞት ሲል ነው። ትንፋሹ ሲከብደው አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ወጣ ስል እንዳይሞትብኝ ፈርቼ ሽንቴን ይዤ እውላለሁ፤ እንዳይመጣብኝም ውሃ አልቀምስም። ሲሞት አጠገቡ ነበርኩ፣ እጁም እጄ ውስጥ ነበር። ያ አይቆጨኝም። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው።

አሞኛል ብለሽ ለምን አትናገሪም የሚል ሰው ካለ ሰፈራችንን አያውቅም። በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ሽንቷን ካቃጠላት ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከወንድ ነው። ሲስተር ሰሚራ፣ «ልጃገረድንም ይይዛል፣ አሮጊትንም ይይዛል። ውሃ ያነሳት፣ ሽንቷን የምትይዝ፣ ስትጠርግ ከኋላ ወደ ፊት የምትጠርግ ሴት ሁሉ ይይዛታል» እያለች ስታስተምር ጉሮሮዋ ደርቋል። ማን ይስማት። ታች ቤት ተከራይታ የነበረችው ልደት ልብስ እያጠበች ሽንቷን እንደሚያቃጥላት ለአንዷ ጎረቤት ብታዋይ፣ ወሬው ሳይውል ሳያድር እትዬ ሮማነወርቅ ጆሮ ገባ፤ እሷም ፍርዷን ሰጠች። ልደት ዕቃዋን ጠቅልላ ድሬዳዋ ገባች። የእኔ ባል ደግሞ ከወገቡ በታች እንደማይሠራ ሰፈር በሙሉ ያውቃል። ያቃጥለኛል ብል የሚከተለው ጥያቄ «ከማን?» ነው። ብናገር ስሜ ይጠፋል፣ ዝም ብል ኩላሊቴ። ሁለቱን አንድ ላይ የማተርፍበት መንገድ አልታይ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ከሽንት ቤት ስመለስ እትዬ ሮማነወርቅ ከፍራሼ ጫፍ ተደላድላ ጠበቀችኝ። እንደተቀመጥኩ የእጄን አንጓ ጨበጥ አድርጋ ያዘችኝ።

«ሥርጉት፣ ሰው እያየ ነው» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ስትወጪ ስትገቢ ነው። ስልክ ነው የምታወሪው? ወይስ የምታሸሺው ዕቃ አለ?»

«ሽንት ቤት ነው የምሄደው፣ እትዬ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ? የወንድሜ አፈር እኮ ገና አልደረቀም። ቁጭ ብለሽ አልቅሺለት እንጂ።»

ጉሮሮዬ ተጣብቆ ነበርና ውሃ እንዲሰጡኝ ጠየቅኩ። እትዬ ሮማነወርቅ ዞር ብላ ለሴቶቹ፣ «ባሏ የሞተባት ሴት ውሃ ጠማኝ ትላለች» አለቻቸው። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እነዚህ ሴቶች ከተቀመጡ ጀምሮ የለስላሳ ጠርሙስ ከእጃቸው አልጠፋም። ቆሎውን እየዘገኑ፣ ለስላሳውን እየጨለጡ፣ በመሃል ወይኔ እንደሻው ይላሉ፤ ከዚያ ስለ ስኳር መወደድ ይቀጥላሉ። ጥማት የተከለከለው ለእኔ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም። ካልጠጣሁ አይመጣብኝም፣ ካልመጣብኝ አልነሣም፣ ካልተነሣሁ አትቆጥረኝም ብዬ አሰብኩ። እንደሻው እንዲህ ሲያደርግ ባገኘው ኖሮ ቤቱን በጩኸት እሞላው ነበር። ለእሱ ሲሆን ጎበዝ ነበርኩ፤ በራሴ ሲመጣ ግን ከነዚያ ቆሎ ቆርጣሚዎች በምን እንደምሻል አላውቅም። እየቆጠረችኝ እንደሆነ ስለማውቅ ብቻ፣ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ። እትዬ ሮማነወርቅ ደስ አላት። ምሽት ላይ፣ «አሁን ልብ ገዛሽ» አለችኝ።

በማግስቱ ሠልስት ነበርና ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ከድሬዳዋ የመጡ ዘመዶች አሉ፣ የሾፌሮች ማኅበር አለ፣ እንደሻው በአልጋ ላይ ሳለ ደጃችንን ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ፎቶውን ከፊታቸው አስቀምጠው ደረት ይደቃሉ። እኔ ከጀርባዬ በስተቀኝ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ የሚወጋ ነገር ይዞኛል። ሲነጋ ጀምሮ ያስመልሰኛል፤ የሚወጣ ነገር ግን የለም። ትንሽ ቆየት ብሎ ብርድ ብርድ አለኝ። ፀሐይ ድንኳኑን አግላዋለች፣ ሰዉ በነጠላው ያራግባል፣ እኔ ግን ጥርሴ ይንገጫገጫል። ትከሻዬ ጀመረው፣ ከዚያ ጉልበቴ፣ ከዚያ መላ ሰውነቴ መንቀጥቀጥ ያዘ። ኩላሊቴ ጋ ደርሷል፣ አልኩ በልቤ።

ያኔ ነው ድንኳኑ የወደደኝ።

«አሁን ገና ገባት» አለች አንዷ። «እዩት ሐዘኑ ሲወጣ» አለች ሌላዋ። አልቃሿ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳትነቅል ስለ መንቀጥቀጤ ግጥም አወጣች። ጥሩ ግጥም ነበር፤ ሴቶቹ እየተቀበሏት ድንኳኑን በለቅሶ አናጉት። እትዬ ሮማነወርቅ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መጣችና ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በዘመኔ ሰምቼው በማላውቅ ድምፅ፣ «ወንድሜን ትወደው ነበር ለካ» እያለች ተንሰቀሰቀች። የእውነት እንባ ነበር፣ አንገቴ ላይ ወረደ። ሰባት ዓመት ከረጢት ስደፋ፣ ገላውን ሳጥብ፣ ጀርባው እንዳይቆስል ሳገላብጠው ያላየችውን ፍቅር በኢንፌክሽን ውስጥ አገኘችው።

አንዷ ዳማከሴ በእጇ አሽታ አፍንጫዬ ሥር አደረገችልኝ፣ ምናልባት ምች ቢሆን ብላ። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ጌታነህ ከወንዶቹ በኩል መጥቶ ከራሴ በላይ ቆመ። አቶ ጌታነህ ሰው ሲሞት የሚያምርበት ዓይነት ሰው ነው። «ተዉአት» አለ፣ እጁን ዘርግቶ። «ሐዘን ሲወጣ ነው የሚሻለው። ማንም እንዳይነካት።» ማንም አልነካኝም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ግንባሬን ነክቶ ያየ አልነበረም።

ዘሀራ ነካችኝ። ዘሀራ ከድሬ ጠያራ አትክልት እያመጣች ሸዋ በር የምትሸጥ ጓደኛዬ ናት፤ ያን ቀን ሥራዋን ትታ መጥታ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጣ ነበር። ሴቶቹን እየገፋች መጥታ መዳፏን ግንባሬ ላይ ጫነችው።

«ያ ረቢ» አለች። «ይቺ ሴት እሳት ናት፣ ወላሂ። ምን ሐዘን ነው የምትሉት? አቦ ግንባሯን ንኩት።»

«ሐዘን ያተኩሳል» አለ አቶ ጌታነህ።

«ሐዘን እንዲህ አያተኩስም፣ ጋሼ። እኔም እናቴን ቀብሬያለሁ።» ወደ ጆሮዬ ዝቅ አለች። «ምንሽን ነው? ንገሪኝ፣ አብሽሪ።»

«ወገቤን» አልኳት። «ሽንቴን።»

ዘሀራ ምንም አልጠየቀችኝም። «ባጃጅ ልጥራ» ብላ ቀና ስትል እትዬ ሮማነወርቅ ክንዷን ያዘቻት።

«የት ነው የምትወስጃት? ሠልስቱ ሳይፈጸም ሐዘንተኛ ከድንኳን ወጥታ ትሄዳለች? ሰው ምን ይላል? ካህናቱ እየመጡ ነው፣ ትቀመጥ። ማታ ሾርባ ይሰጣታል።»

እዚህ ላይ ነው ሁሉም ነገር ወለል ብሎ የታየኝ። ዝም ብዬ እዚያ ብቀመጥ ስሜ ድኗል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሐረር የባል ሐዘን በተነሣ ቁጥር የሚጠሩት እኔን ነው፤ አልቃሿ ግጥሙን ሌላ ለቅሶ ላይ ትደግመዋለች። ኩላሊቴ ግን እስከ ማታ አይጠብቅም። ሾርባም አያድነውም። ዙሪያዬን ያሉትን ፊቶች አየሁ፣ በእኔ መንቀጥቀጥ የረኩ ፊቶች። የእነዚህ ሰዎች አክብሮት ለእኔ ምን ያደርግልኛል ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ስለ እነሱ ብዬ መሞት አስጠላኝ።

ዘሀራን ተደግፌ ቆምኩ።

«እትዬ ሮማነወርቅ፣ ይልቀቋት» አልኩ። «ሐዘን አይደለም። ሽንቴን ያቃጥለኛል። እንደሻው ሳይሞት በፊት ጀምሮ ነው። ትናንት ስወጣ ስገባ የነበረው ለዚህ ነው። አሁን ኩላሊቴ ጋ ደርሷል፤ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ።»

ድምፄ ደካማ ነበር፤ ግን አልቃሿ ዝም ብላ ስለነበር የወንዶቹ ረድፍ ድረስ ተሰማ።

«ምንሽን?» አለች እትዬ ሮማነወርቅ።

«ሽንቴን።»

ፊቷ ላይ ጥያቄው ሲመጣ አየሁት። ከእሷ አፍ ልሰማው አልፈለግኩም።

«ከማን እንደያዘኝ ለማወቅ የቸኮለ ካለ» አልኩ፣ «ከእናንተ ነው። ውሃ ከልክላችሁኝ፣ ሽንቴን እየቆጠራችሁ፣ ከእናንተ ነው የያዘኝ።»

ከዚያ በመጀመሪያ ሽንት ቤት ሄድኩ። በሁለቱ ረድፍ መካከል፣ ጥቁር ነጠላዬን እየጎተትኩ፣ በዘሀራ ትከሻ ላይ ተንጠልጥዬ፣ በማልችለው ፍጥነት ሳይሆን በምችለው ዝግታ አለፍኩ። ትናንት አንገታቸውን አስግገው ያዩኝ ወንዶች ዛሬ ጫማቸውን ያያሉ። አቶ ጌታነህ መንገድ ላይ የዘረጋውን እግሩን ሰበሰበ። ስወጣ ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ነበር።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ሲስተር ሰሚራ ገና ሳታስተኛኝ ቁጣዋን ጀመረች። ሽንቴን አስመርምራ፣ መርፌና ግሉኮስ አድርጋልኝ፣ እየዞረች እየመጣች ትቆጣኛለች። «በባልሽ ላይ የማታደርጊውን በራስሽ ላይ አደረግሽ» አለችኝ። «ገና ሲያቃጥልሽ ብትመጪ ክኒንና ውሃ ይበቃሽ ነበር፤ አሁን ተኝተሽ ትቆያለሽ።» ትቆጣ፣ ቁጣዋ እውነት ነው። ከአልጋው ሳያነሡኝ ቀናት አለፉ። ሲለቁኝም፣ «ተሻለኝ ብለሽ ክኒኑን እንዳታቋርጪ። ውሃ ጠጪ። ሲመጣብሽ አትያዢው፣ ንጉሥ ፊትም ብትሆኚ ተነሥተሽ ሂጂ» አለችኝ። ንጉሥ ቢሆን ቀላል ነበር።

ቤት ስመለስ ድንኳኑ ተነሥቷል። ከመንገድ ጀምሮ ያገኘኝ ሁሉ፣ «አይዞሽ፣ ሐዘን እንዲህ ይጥላል» ይለኛል። መጀመሪያ የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ድንኳን ሙሉ ሰው ሰምቶኝ፣ ተማክሮ፣ ላለመስማት ተስማምቷል። ግጥሙ ስላማራቸው ይሁን፣ ውሃ የከለከሏት ሴት ሐኪም ቤት ተኛች ከሚባል በሐዘን ወደቀች ቢባል ስለሚሻላቸው፣ አላውቅም። ደፍረው ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሐሜታቸውን እንኳ በልባቸው የሚይዙት እስኪመቻቸው ነው።

እትዬ ሮማነወርቅ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ መጣች። በዚያ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሩ አልፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ቀን የተናገርሽውን በትኩሳት ነው ብለናል» አለችኝ። «አንቺም እንደዚያው በይ። የቤተሰብ ነገር ነው።»

«በትኩሳት አልነበረም፣ እትዬ።»

«ሆድ ይፍጀው ነው የምልሽ።» ሾርባውን ቀድታ ሰጠችኝ። «ወንድሜን በደንብ አስታመሽዋል። እንደዚያ ስትንቀጠቀጪ በዓይኔ አይቻለሁ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር።»

ሾርባውን ተቀብዬ ጠጣሁ። የምመልስላት ነገር ብዙ ነበር፤ ግን ብነግራትም የሚገባት አልመሰለኝም። ስትወጣ በሩን ዘጋሁ።

የክኒኔ ሰዓት ደርሶ ነበር። ብርጭቆዎቼን ሁሉ ለለቀስተኛው አውጥተው ገና አልመለሱልኝም። ምን ልጠጣበት ብዬ ዞር ዞር ስል አልጋው ሥር የእንደሻው ሀይላንድ ቆሞ አየሁ። ሰው ሳያነሣው እዚያው ቀርቷል። ውስጡ ውሃ ነበረው፤ ከላይኛው ቀይ መስመር በላይ። በመጨረሻው ቀን የቀትሩ መስመር ጋ አልደረሰም ነበር።

ይዤው ቆየሁ። ከዚያ ደፋሁት፣ በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ አፍልቼ ያቀዘቀዝኩትን ሞላሁበትና እሱ ይተኛበት በነበረው ቦታ ተቀምጬ ክኒኔን ዋጥኩ። ራዲያተር ትሞያለሽ ሲለኝ ሰማሁት። ያኔ አለቀስኩለት። ድምፅ አላወጣሁም፣ ሰውነቴም አልተንቀጠቀጠም፤ እንባው ብቻ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ እኔም እየጠጣሁ ነው። እትዬ ሮማነወርቅ በበሩ ቀዳዳ ብታየኝ ሐዘን ያልነካት ሴት ትለኝ ነበር።

መስመሩ ጋ እስክደርስ ጠጣሁ። ትንሽ ቆይቶ መጣብኝ። ተነሣሁና ባዶውን ግቢ አቋርጬ ሽንት ቤት ሄድኩ፤ ማንም አልቆጠረም።